ቅጠሉ ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መድኃኒት ሲጻፍ ቅጠሉና ሥሩ ይወደሳሉ፤ ሞለኪዩሉን የሚገነባው ኬሚስት ግን ይዘነጋል። የጥቁር አሜሪካዊውን የፐርሲ ጁሊያንን ሥራ እንመልከት (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1935 ከጆሴፍ ፒክል ጋር የግላኮማ (የዓይን ሕመም) መድኃኒት የነበረውን ፊዞስቲግሚን በቤተ ሙከራ ሠራ። ዝነኛው እንግሊዛዊ ኬሚስት ሮበርት ሮቢንሰን ቀድሞ ያወጣው ውጤት ከጁሊያን ውጤት ጋር አልገጠመም። ዳኛው የመቅለጫ ሙቀት ነበር። ፍተሻው ርካሽ ነው፦ ሰው ሠራሹን ከተፈጥሮው ጋር ቀላቅሎ ማቅለጥ። ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ ድብልቁ ቀደም ብሎ፣ ያውም በሰፊ የሙቀት ክልል ይቀልጣል። ጁሊያን ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ግሊደን ኩባንያ ገብቶ ከአኩሪ አተር ዘይት ስቲግማስቴሮል የተባለውን የዕፅዋት ስቴሮል አወጣ፤ ከዚያም ከእሱ ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሠራ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ሞለኪዩሉን ለመቁረጥ የሚያገለግለው ጋዝ፣ ኦዞን፣ ነው። የስቲግማስቴሮልን የጎን ሰንሰለት በ22ኛው ካርቦን ላይ ካለው ድርብ ትስስር ይቆርጣል፤ ነገር ግን በቀለበቱ ውስጥ ያለውንም ድርብ ትስስር አይምርም። ስለዚህ የቀለበቱ ትስስር አስቀድሞ በብሮሚን ይሸፈናል፣ ከቆረጣው በኋላ ብሮሚኑ በዚንክ ይነሳል። በዘይቱ ውስጥ በብዛት ያለው ሌላው ስቴሮል፣ ሲቶስቴሮል፣ ለዚህ አይሆንም፤ የጎን ሰንሰለቱ ድርብ ትስስር ስለሌለው ኦዞን የሚይዘው ቦታ የለም።

በ1949 ይፋ ያደረገው «ኮምፓውንድ ኤስ» የተባለ ስቴሮይድ፣ ለመድኃኒትነት ከሚውለው ኮርቲሶል ከተባለው ሆርሞን የሚለየው በ11ኛው ካርቦን ላይ በጎደለ አንድ ኦክስጅን ብቻ ነው። ያቺን ኦክስጅን በኬሚካል ማስገባት እጅግ አድካሚ ነበር፤ በመጨረሻ በቀላሉ ያስገባት ሻጋታ ነው።

በሚቀጥለው የሳይንስ ገጻችሁ ከቅጠሉ ፎቶ ጎን የሞለኪዩሉን ንድፍ አትሙልን።

የኬሚስትሪ መምህራን