ወደ አሸናፊው የሚሮጥ ብር

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ምርጫ ዘመቻ ወጪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በጎ ጉዳይ ነው ያነሳችሁት። «ብዙ ያወጣ ያሸንፋል» የሚለው መደምደሚያችሁ ግን ነገሩን የገለበጠው ይመስለኛል።

እኔ ጅማ ውስጥ ቡና ነጋዴ ነኝ። ለምርጫ መዋጮ ስንጠየቅ ነጋዴው ምን እንደሚያሰላ አውቃለሁ። አብዛኛው የሚሰጠው ያሸንፋል ብሎ ለገመተው ነው። ነገ ፈቃድ ማሳደስ አለ፣ ግብር አለ፣ የመጋዘን ቦታ አለ። ታዲያ የአሸናፊው ካዝና ሞልቶ ብናይ ምን ይገርማል? ብሩ ድሉን አሽትቶ ነው የመጣው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ስቲቨን ሌቪት ብሩ ድሉን ያመጣል ወይስ ይከተላል የሚለውን ለመለየት ጥሩ ዘዴ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጥናት ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ እርስ በርስ የተፎካከሩ ዕጩዎችን ብቻ መረመረ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለያየው ወጪያቸው ነው። ወጪው በውጤቱ ላይ ያመጣው ለውጥ በጣም ትንሽ ሆነ። ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግም እ.ኤ.አ. በ2020 ከኪሱ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩነት ፉክክር ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞአ የተባለችውን ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ግዛት ብቻ ነው።

ብር ግን ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጋሪ ጃኮብሰን የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር እንዳሳየው፣ ወንበር ላይ ካለው ይልቅ የአዲሱ ተፎካካሪ ወጪ ውጤቱን የበለጠ ይነካል። ባለወንበሩን ሁሉም ያውቀዋል። አዲሱ ዕጩ ግን ለነዳጅ፣ ለድምፅ ማጉያና ለወረቀት ማሳተሚያ ካጣ፣ ከጅማ ከተማ ወጥቶ ቡና ለቃሚው መንደር እንዴት ይድረስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በእኛው አገር በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የቴሌቪዥን ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ገንዘብ ያልነበራቸው ፓርቲዎች በየሰው ሳሎን ገብተው ተደምጠዋል። አዲስ አበባ ላይ ያገኙት ድምፅም የሚታወቅ ነው።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ የወጪ ጣሪያ ሳይሆን ወለሉ ነው፤ ማንኛውም ዕጩ ለመደመጥ የሚበቃ የአየር ሰዓትና ድጋፍ ያገኛል ወይ? ሁለተኛው ደግሞ ግልጽነት ነው። የአገራችን የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋና ማንነቱ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። መልካም ነው። እኛ መራጮች ግን የሰጪዎቹን ስም ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ማየት አለብን። ሰጪው ነገ ምን እንደሚጠይቅ ቀድመን እንገምታለን።

በሚቀጥለው ምርጫ ጋዜጣችሁ እያንዳንዱን ፓርቲ «ማን ሰጣችሁ? ስንት?» ብሎ ይጠይቅልን። የማይመልሱትንም ስማቸውን አትሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ