«ስዊዝኛ የሚባል አለ እንዴ?» ላልከኝ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

ሳቅክ አይደል? ስምንተኛ ክፍል እያለን ለሰፈር እናቶች ደብዳቤ ስንጽፍላቸው የማንለውጣት መግቢያ ናት። ሌላ ፈልጌ አጣሁ። ስድስት ዓመት ዝም ያለ ሰው በምን ይጀምራል?

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ሳትገምት አልቀረህም። ጋሼ ማረፋቸውን በሦስተኛው ቀን ሰማሁ። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል አርባቸው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደውዬ ምን እላለሁ ብዬ አፈርኩ። ሐፍረት እንደ አራጣ ብድር ነው፤ በቆየ ቁጥር ይወልዳል። እሳቸው እኔንም አሳድገውኛል። ነፍሳቸውን ይማር። አንተን ደግሞ ይቅርታ እለምንሃለሁ፤ ሰበብ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬን ስበረብር የመጨረሻ መልእክትህን አገኘሁት። «ለመሆኑ እዚያ የምትናገሩት ምንድን ነው? ስዊዝኛ የሚባል አለ እንዴ?» ይላል። እኔ የመለስኩልህ አንድ ቃል ነው፦ «ጀርመንኛ»። ለታሪክ አስተማሪ እንዲህ ይመለሳል? ቢያንስ ይቺን ዕዳ ልክፈል። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ስዊዝኛ የለም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከመቶ 62 ያህሉ ጀርመንኛ፣ 23 ያህሉ ፈረንሳይኛ፣ 8 ያህሉ ጣሊያንኛ ይናገራል። አራተኛው ሮማንሽ ነው፤ ከመቶ ግማሽ እንኳን በቅጡ አይሞላም። አገሪቱ ለራሷ ስም ስታወጣ ከአራቱ ማንንም ላለማስቀየም ሮጣ ላቲን ውስጥ ገባች። መኪናቸው ላይ የሚለጥፉት «ሲኤች» የላቲን ስማቸው ምህጻር ነው፦ «ኮንፌደራሲዮ ሄልቬቲካ»። የሞተ ቋንቋ ማንም አይቀናበትም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው የመጣሁት። ጥገኝነት ጠያቂ ካንቶኑን፣ ማለት ክልሉን፣ አይመርጥም፤ 26 ካንቶን አለ፣ ይደለድሉሃል። እኔን ግራውቡንደን ጣሉኝ፤ ምሥራቅ ዳር ያለ፣ ተራራ ብቻ የሆነ ካንቶን። ዓመት ሙሉ ጀርመንኛ ተማርኩ። ፈተናውን ሳልፍ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ከዚያ ሱርሴልቫ የሚባል ሸለቆ ውስጥ አንድ ሆቴል ሰሃን አጣቢ ሆኜ ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ሼፉ አፉን ሲከፍት አንድም ቃል አልገባኝም! ትምህርት ቤት የተማርኩት የመጽሐፉን ጀርመንኛ ነው። እነሱ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት የየሰፈራቸውን ነው፤ ዙሪክ ሌላ፣ በርን ሌላ፣ ከፍ ያሉት የቫሌ ሸለቆዎች ደግሞ ጭራሽ ሌላ። ግዕዝ ተምሮ መርካቶ ሸቀጥ ለመግዛት እንደመውጣት በለው። ትንሽ አጋነንኩ፣ ግን ያን ቀን እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ልብስ አጣቢዋ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት «ቢየን ዲ» እንደምትለኝ አስተዋልኩ። ጣሊያንኛ መስሎኝ በጣሊያንኛ ለመመለስ ሞከርኩ። ተቆጣች። ሮማንሽ ነው ለካ። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት ትንሽ ቀደም ብለው እነዚህን ተራሮች ሲይዙ ከወታደሮቻቸው ጋር የመጣው የተራው ሰው ላቲን፣ ሸለቆ ውስጥ ተደብቆ የቀረ። ተናጋሪው ጥቂት አሥር ሺህ ነው። እሱም አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው! አምስቱም የየራሳቸው የመማሪያ መጽሐፍ ነበራቸው። በ1982 አንድ የቋንቋ ሊቅ ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ጽሕፈት አዘጋጀላቸው። መንግሥት ወደደው። የመንደሩ ሰው ግን «ይሄ የማንም አፍ አይደለም» ብሎ እስካሁን ያጉረመርማል። አንተ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያንን ገደል ወርደህ የወጣህ ሰው ነህ። ገደል ለቋንቋ ምን እንደሚያደርግ ላንተ አላስረዳም።

አሁን አንተን የሚመለከት ነገር ልንገርህ። ሮማንሽ ብሔራዊ ቋንቋ የሆነው በ1938 በሕዝብ ድምፅ ነው። ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው መራጭ «ይሁን» አለ። ዙሪክና ጄኔቫ ያለው ሰው አንድ ቃል የማይሰማውን ቋንቋ! ፍቅር ይመስልሃል? ሙሶሊኒ ነው። የጣሊያን ብሔርተኞች «ሮማንሽ ማለት የጣሊያንኛ ዘዬ ነው፣ ስለዚህ ሸለቆዎቹ የኛ ናቸው» ይሉ ነበር። ስዊዞቹ በካርድ መለሱላቸው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የዚያው ሰውዬ ጦር አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።

መጀመሪያ ሳነብ ልቤ በኩራት ሞላ፤ ከእኛ ጋር በአንድ ጠላት የተገናኙ መስሎኝ። ቀጥዬ ሳነብ ቀዘቀዝኩ። ጃንሆይ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ በአማርኛ ተናገሩ፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች አፏጩባቸው፤ ይህን አንተ በየዓመቱ የምታስተምረው ነው። የማታስተምረው ይኖራል ብዬ የምጠረጥረውን ልጨምርልህ። ስብሰባውን ያስተናገደችው ስዊዘርላንድ ዓመቱ ሳያልቅ የጣሊያንን ግዛት በኢትዮጵያ ላይ በይፋ አወቀች። በ1937 ደግሞ የሎዛን ዩኒቨርሲቲ ለሙሶሊኒ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ነው እንግዲህ ለሮማንሽ የቆሙት። የራሳቸው ሸለቆ ሲነካ ያዙት፣ የኛን አሳለፉት። ትንሽ አገር ከትልቅ ጎረቤት ጋር እንደዚያ ነው የምትኖረው ይሉሃል። እኔ ግን ሎዛን ጣቢያ ባለፍኩ ቁጥር ይታወሰኛል።

ተማሪዎችህ ስለ አልፍሬድ ኢልግ ይጠይቁህ ይሆናል፤ የምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ፣ የምድር ባቡሩን ፈቃድ በ1894 ያገኘው። የቱርጋው ካንቶን ልጅ ነው። ቱርጋው ደግሞ ከ1460 እስከ 1798 ራሱን የቻለ ካንቶን አልነበረም፤ ሌሎቹ ካንቶኖች በፈረቃ ገዥ የሚልኩበት ተገዥ ምድር ነበር። ጣሊያንኛ ተናጋሪው ቲቺኖም እንደዚያው፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ቮ በበርን እጅ ነበር፣ ከ1536 ጀምሮ። አየህ፣ በ1291 ሦስት የተራራ ማኅበረሰቦች፣ ማለት ኡሪ፣ ሽቪትስና ኡንተርቫልደን፣ ተማምለው ጀመሩት የሚባለው ኅብረት ለአምስት መቶ ዓመት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ክበብ ነው ብትል አትሳሳትም። እኩልነቱን ያመጣው የፈረንሳይ ጦር ነው። ናፖሊዮን በ1803 ተገዥዎቹን ካንቶን አደረጋቸው። ነሐሴ 1፣ በብሔራዊ በዓላቸው፣ ርችት ሲተኩሱ ግን የናፖሊዮንን ስም የሚያነሳ ሰው አላጋጠመኝም።

በድህነታቸውም ብዙ አያወሩም። ያ ተራራ ሰው አይመግብም ነበር። ወንዶቹ ለፈረንሳይ ንጉሥ፣ ለፓፓው፣ ለከፈለ ሁሉ ቅጥር ወታደር ሆነው ይሄዱ ነበር። እኔ የነበርኩበት ግራውቡንደን ደግሞ የባሰ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ልጆች በመጋቢት በረዶ እየረገጡ ደቡብ ጀርመን ድረስ ለእረኝነት ይሄዱ ነበር፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ። ልብስ አጣቢዋ ሴትዮ ናት ያነሳችልኝ። የአያቷ ወንድም አንዱ ነበር። ጫማ ይዘን እንመለሳለን ብለው ነው የሚሄዱት አለችኝ። የዚያን ቀን ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መንገዴ ለሰው አወራሁ፤ ስለ ሰሃራው፣ ስለ ጀልባው። በሁለታችንም የተሰባበረ ጀርመንኛ።

አሁን ቢየል ነው ያለሁት። በፈረንሳይኛ ቢየን ይሏታል። የሰዓት ፋብሪካ ከተማ ናት። የመንገዱ ስም ሁሉ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። ከአሥር ስድስቱ ገደማ ጀርመንኛ፣ አራቱ ፈረንሳይኛ ይናገራል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ወሬውን የጀመረው ሰው በጀመረበት ቋንቋ ይቀጥላል። ሱቅ ገብቼ «ቦንዡር» ካልኩ በፈረንሳይኛ፣ «ግሩኤሰክ» ካልኩ በበርንኛ። ይሄ ያስደስተኛል። ሌላው አገር ግን እንዲህ አይምሰልህ። ብዙ የዙሪክና የሎዛን ወጣት ሲገናኙ በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት! በመካከላቸው ያለውን ድንበር «የሮሽቲ ቦይ» ይሉታል። ሮሽቲ የተፈቀፈቀ ድንች ጥብስ ነው፣ የጀርመንኞቹ ምግብ። ቀልድ ነው፣ ግን በ1992 ወደ አውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ለመግባት ድምፅ ሲሰጥ ፈረንሳይኛው ወገን «እንግባ»፣ አብዛኛው ጀርመንኛ ወገን «አንገባም» ብሎ በ50.3 ከመቶ ቀረ። ያኔ ቦዩ እውነት ነበር።

ታዲያ እንዴት አልተበጣጠሱም? ይሄን ነው መቼም የምትጠይቀኝ። ለኛ አገር ማስተማሪያ ፈልገህ ከሆነ ተወኝ፤ በዚህ ነገር ካንተ ጋር አልከራከርም፣ ስድስት ዓመት ሳይበቃን ሌላ ስድስት ልንኳረፍ ነው። ያየሁትን ብቻ ልንገርህ። ድንበሮቻቸው አይደራረቡም። ቋንቋው በአንድ በኩል ይሄዳል፣ ሃይማኖቱ በሌላ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ጄኔቫ የፕሮቴስታንቱ መሪ የካልቪን ከተማ ነው፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ፍሪቡር ካቶሊክ። በ1845 ሰባት ካቶሊክ ካንቶኖች ለብቻቸው ኅብረት አበጁና በ1847 ተዋጉ። ሰባቱ ውስጥ ጀርመንኛም ፈረንሳይኛም ነበር። ጦርነቱ ከወር ያነሰ ነው፣ የሞተው መቶ ገደማ። የፌደራሉ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዱፉር ወታደሮቹን ቁስለኛ እንዳትነኩ ብሎ አዘዘ፤ ኋላ ቀይ መስቀልን ከመሠረቱት አምስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በዓመቱ፣ በ1848፣ ሕገ መንግሥት ጻፉ።

ይህ የማይደራረብ ነገር የገባኝ ግን እዚሁ ሰፈሬ ነው። ከቢየል በስተሰሜን ጁራ አለ። በ1815 የቪየና ጉባኤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹን ለበርን ሰጣቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አኩርፈው ኖሩ፤ ቃጠሎም ነበር፣ ቦምብም ነበር። በመጨረሻ ድምፅ ሰጡና በ1979 የራሳቸው ካንቶን ተወለደ። ሁሉም ግን አልሄዱም። ካቶሊኩ ሰሜን ሄደ፣ ፕሮቴስታንቱ ደቡብ ያንኑ ፈረንሳይኛውን እያወራ ከበርን ጋር ቀረ። ሙቲየ የምትባለዋ ከተማ ብቻ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ቆየ። በ2017 መረጡ፣ ምርጫው ተሰረዘ። በ2021 እንደገና መረጡና ወደ ጁራ እንሄዳለን አሉ። እኔ ያኔ እዚህ ነበርኩ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁለት ወንድማማቾች፣ በየፊናቸው ባንዲራ በረንዳቸው ላይ ሰቅለው ምሳ አብረው ይበሉ ነበር። አይወያዩም። በቃ ይበላሉ።

እኔ እዚህ አገር የገረመኝ ፍቅራቸው አይደለም። እርስ በርስ ብዙም አይተዋወቁም። የገረመኝ ትዕግሥታቸው ነው፤ ትዕግሥቱ ደግሞ አንዳንዴ ስንፍና ይመስላል። ለሴቶች በፌደራል ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጡት በ1971 ነው። አፔንዘል ኢነርሮደን የሚባለው ትንሽ ካንቶን አደባባይ ላይ እጅ እያወጣ የሚመርጥ፣ በዚህም የሚኩራራ ነው። ሴቶቹን ያስገባው ግን በ1990 ፍርድ ቤት አስገድዶት ነው። ልጄን ይህን ስነግራት አላመነችኝም።

አዎ፣ ልጅ አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። ይሄንንም አልነገርኩህም ለካ። ከእኔ ጋር አማርኛ፣ መዋዕለ ሕፃናት ፈረንሳይኛ፣ ደረጃው ላይ ከጎረቤት ጋር በርንኛ ትናገራለች። ጋሼ ይሉን የነበረውን «ና እስቲ አንተ ቀልማዳ» አስተምሬያታለሁ። ማንን እንደምትለው ብታውቅ ትስቃለህ።

እሑድ በአንተ ሰዓት አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳኸው ይገባኛል። ሰኞም እደውላለሁ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ያው ወንድምህ፣
ከቢየል፣ ወይም ከቢየን