የነፋስ ሰፈር

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቶኪዮ ብርዱ ገብቷል። የላኩልኝ በርበሬ ደርሶኛል፤ ሽታው እስካሁን ከክፍሌ አልወጣም።

ባለፈው ስንደዋወል ከኋላዬ ዘፈን ሰምተው «ይሄ ደግሞ ማነው? የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስላል» ብለውኝ ነበር። መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ዛሬ ልንገርዎ።

ባንዱ ሃፒ ኤንድ ይባላል። አራት ናቸው፤ ሃሩኦሚ ሆሶኖ፣ ኤይቺ ኦታኪ፣ ሺገሩ ሱዙኪ እና ድራም መቺው ታካሺ ማትሱሞቶ። በፈረንጆቹ 1969 ተቋቋሙ። ሦስት አልበም ሠርተው በ1972 መጨረሻ ተበተኑ። በቃ፣ ይኸው ነው ዕድሜያቸው። ግን እዚህ አገር ስለ ሮክ ወሬ ከተነሳ የእነሱ ስም ሳይጠራ አይቀርም።

ያኔ አንድ ትልቅ ክርክር ነበር። ዩያ ኡቺዳ የሚባል ስመ ጥር ሮከር፣ ሮክ በእንግሊዝኛ ካልተዘፈነ ዓለም አይሰማውም ይል ነበር። ጃፓንኛ ለሮክ አይመችም የሚሉም ብዙ ነበሩ። እውነትም ያስቸግራል። ጃፓንኛ እንደ ዶቃ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ እኩል እኩል ይደረደራል። ሮክ ደግሞ አንዱን ቃል ይጎትታል፣ ሌላውን ይውጣል። እነዚህ ልጆች ቃሉን መሃሉ ላይ እየሰበሩ፣ መጨረሻውን እየሳቡ ከጊታሩ ጋር አስማሙት። የአሜሪካኖቹን ባንድ የባፋሎ ስፕሪንግፊልድን ድምፅ ይወዱ ነበር፤ ቋንቋቸውን ግን አልለቀቁም። ይሄን ሳነብ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ደብተራችንን እያዩ «በአማርኛ የማይባል ነገር የለም፤ ቃል የሚያጣው ሰነፍ ነው» ይሉን ነበር።

በ1971 የወጣው ሁለተኛው አልበማቸው ካዜማቺ ሮማን ይባላል። ካዜማቺ ማለት የነፋስ ሰፈር ነው። አባባ፣ ይህ ሰፈር በካርታ ላይ የለም። አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ማትሱሞቶ ነው። ያደገው አዎያማ በሚባል የቶኪዮ ሰፈር ነው። ለኦሎምፒክ መንገድ ሲሰፋ የነሱም ቤት ተነሳ። ያኔ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ልጅነቱን ያሳለፈበትን ከተማ ስላጣው ስም አወጣለትና በዘፈን መልሶ ሠራው።

የትኛው ኦሎምፒክ መሰለዎ? የእርስዎው ኦሎምፒክ! ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን በ2፡12፡11 የጨረሰበት። እኛ ቤት ቶኪዮ ማለት ሁልጊዜ ያ ቀን ነበር። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ነው ቶኪዮን ያስተዋወቀኝ። አበበ የሮጠባት ቶኪዮ ለዚያ ውድድር ስትባል ስንት ሰፈር እንዳፈረሰች ግን ያወቅኩት ከእነዚህ ልጆች ዘፈን ነው።

ትራሞቹም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አንድ በአንድ ተነሱ። በስልክ የሰሙት ዘፈን ውስጥ አንዲት ትራም አለች፤ በጭጋግ ውስጥ ባሕር ስትሻገር ትታያለች። የሚዘፍነው ሆሶኖ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ይመስላል። ከድሮው የከተማው ትራም የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሁድ እሁድ እሳፈርበታለሁ። ሲነሳ ደወሉ ሁለቴ ያቃጭላል፣ ቺን ቺን። በሰው ጓሮ ታክኮ ነው የሚያልፈው። የተሰጣ ልብስ፣ የአበባ ማሰሮ፣ ደጃፍ የተቀመጡ አሮጊት፣ ሁሉም በመስኮት ቅርብ ነው። እዚያ ስቀመጥ ካዛንቺስ ትመጣብኛለች።

ከካዛንቺስ ስትነሱ እኔ እዚህ ነበርኩ። በቪዲዮ አይቻችኋለሁ። እርስዎ የአበበን ፎቶ ደረትዎ ላይ ይዘው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እንዳላስከፋዎ ፈርቼ ነው።

አራቱ ከተበተኑ በኋላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠሩ። ሆሶኖ የሎ ማጂክ ኦርኬስትራ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባንድ አቋቋመ። ማትሱሞቶ ድራሙን ትቶ ከ2000 በላይ ዘፈኖች ግጥም ጻፈ። ኦታኪ በ2013 አረፈ። በ1985 አንድ ጊዜ አብረው መድረክ ላይ ወጥተው ነበር። የት እንደሆነ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ብሔራዊ ስታዲየም! አበበ ከጨረሰ በኋላ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታበት ቦታ። ማትሱሞቶ ቤቱን ባሳጣው ኦሎምፒክ ስታዲየም ድራሙን መታ። ያም ስታዲየም በ2015 ፈረሰ፤ አሁን በቦታው ሌላ ቆሟል። ሄጄ አጥሩን ዞሬ አይቼዋለሁ።

አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ቅዳሜ ስደውል ከድሮው በራችን ይነሱና እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ያለውን ይንገሩኝ። ማን ከማን አጠገብ እንደነበር፣ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ ክረምት ውሃ የሚቋጥረው የቱ ጋ እንደነበር። አይቸኩሉ፤ እኔ እቀዳዋለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ
ከቶኪዮ