ቁርጡ ሳይነገር ቀብድ አትቀበይ

ይድረስ ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ከቅዳሜ ገበያ እንደተመለሰች ስልኳን ሰጥታኝ «ስንቱን መዝገብ ስታገላብጥ ኖረህ የለ፣ ይሄንንም አንብበው» አለችኝ። ጋቢ በምትሸጪበት ቻናልሽ ከገዛችሽ ሴትዮ ጋር የተጻጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ ክርክር በየጊዜው ይመጣ ነበር። ሁለቱም ወገን ይምላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የእናንተም ያው ነው። ፎቶው ላይ ሁለት ጋቢ ተደራርቦ ይታያል፤ ከሥሩ 3,500 ብር ይላል። ሴትዮዋ «3,000 ይሁንልኝ» አለች። አንቺ አውራ ጣት ላክሽላት። አንቺ የሸጥሽው አንዱን ነው፤ እሷ የገዛችው ሁለቱን ነው። አንድ ጋቢ ሲደርሳት «ሌባ» ማለቷ አናዶሻል። እኔንም አናዶኛል። ግን እስቲ ፎቶውን እንደ ገዢ ሆነሽ እዪው።

እናትሽን ይሄ ለምን አይገጥማትም? ገበያ ላይ ገዢዋ ጋቢውን ትዘረጋዋለች። ጠርዙን በጣቷ ፈልቀቅ አድርጋ አራት እጥፍ መሆኑን ትቆጥራለች። ፈትሉ የእጅ ይሁን የፋብሪካ ለማወቅ አሸት አሸት ታደርገዋለች፣ ወደ ፀሐይ ታነሳዋለች። «በቃ ቁርጡን ንገሪኝ» ስትል እጇ ጋቢው ላይ ነው። የቱን ነው፣ ስንት ነው ብሎ ጥያቄ የለም። ስልክ ላይ ግን ያ እጅ የለም። የእሱን ሥራ ጽሑፉ መሥራት አለበት።

ስለዚህ ዋጋ ላይ ስትስማሚ ሙሉውን ጻፊላት። «አንድ ጋቢ፣ ባለ አረንጓዴ ጥለቱ፣ 3,000 ብር፣ የመላኪያው በገዢ፣ ልክ ነኝ?» «አዎ» ስትል ያን ጊዜ የባንክ ቁጥርሽን ላኪ። አውራ ጣቱን፣ ልቡን፣ ምናምኑን ለጓደኞችሽ አድርጊው። ቁጥርም በፊደል ብቻ አትጻፊ፤ «ሦስት ሺ ሁለት» ብለሽ 3,200 ስትይ፣ ሌላው 3,002 ብሎ ሊይዝሽ ይችላል።

ሕጉንም ልንገርሽ፣ ይጠቅምሻል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዕቃን ለሕዝብ ማሳየትን ወይም የዋጋ ዝርዝር መለጠፍን እንደ ውል ሐሳብ አይቆጥረውም። እኔ እንደሚገባኝ ቻናልሽ ላይ የምትለጥፊውም ከዚህ አይለይም። 3,500 ልትይ 350 ብለሽ ብትለጥፊ፣ አንዱ ተነስቶ «በ350 ካልሰጠሽኝ» ብሎ ሊያስገድድሽ አይችልም። ይቅርታ ጠይቀሽ ታርሚዋለሽ። እሺ ካልሽው በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ተሳስቼ ነው ብለሽ ማስረዳት ያንቺ ዕዳ ይሆናል። ተራ የሒሳብ ስህተት ቀላል ነው፣ ይታረማል እንጂ ውሉን አያፈርስም። ሦስት ጋቢ እያንዳንዱ በ3,200 ተብሎ ድምሩ 9,300 ቢጻፍ፣ የሚከፈለው 9,600 ነው።

ሌላው፣ ገዢ ዋጋ ሲቀንስ ያንቺን ዋጋ አልቀበልም ማለቱ ነው፤ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። አንቺ እምቢ ብትይ የመጀመሪያው ዋጋ ራሱ ተመልሶ አይቆምም። ከሰዓታት በኋላ «እሺ በ3,500 ውሰጂው» ብለሽ ዕቃውን ከመላክሽ በፊት እሷም እሺ ማለቷን አረጋግጪ።

ቀብድ ላይ በጣም ተጠንቀቂ። ቀብድ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ልጆቹ አሁን «ግማሹን አስገባሁ» እያሉ ሳይጠየቁ በቴሌብር ይልካሉ። ያልተስማማሽበት ብር ከገባ አታሳድሪው፤ ወዲያው ጻፊ፣ ካልተግባባችሁ መልሺ። ዝም ካልሽ እንደተስማማሽ ይቆጥሩብሻል። በዚያ ላይ ስክሪንሾት አይተሽ ዕቃ እንዳታወጪ፤ አንቺ ስልክ ላይ መልእክቱ ይግባ፣ ሒሳብሽንም እዪ።

«እስከ ነገ ያዢልኝ» ለሚሉሽ ቀንና ሰዓት ቁረጪላቸው። እሺ ካልሽ ደግሞ እስከዚያ ለሌላ አትሽጪው፣ 500 ብር ቢጨምርልሽም። ውጭ ካሉት ጋር ሰዓቱ ራሱ ጣጣ አለው። አንቺ «4 ሰዓት» ስትይ የጠዋቱን ነው፣ አሜሪካ ያለችው በእሷ ሰዓት አስባ ልትመጣ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጋቢው ተሽጧል። «በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት» በዪ። ዋጋውንም በብር ቁረጪ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ነው የሚወሰነው፤ የሰኞው ዶላር ሐሙስ ላይ ያው ላይሆን ይችላል።

«ዋጋ ኢንቦክስ» እያሉ የሚሸጡትን እኔ አልወዳቸውም። ለአንዷ 3,500፣ ለሌላዋ 3,100 ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱ ገዢዎች ሰርግ ላይ ይገናኛሉ። አንቺ በግልጽ ለጥፊ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። አትጻፊላት፣ ደውይላት። መጀመሪያ ፎቶው እንዳሳሳታት እመኚላት። ከዚያ ምርጫ ስጫት፤ ጋቢውን መልሳ 3,000 ብሯን ትውሰድ፣ የመላኪያውን የሄደበትንም የሚመለስበትንም እኛ እንችላለን። ወይም ሁለተኛውን በ2,800 እንልክላታለን። እናትሽ ከዚያ በታች ከወረድን ለሸማኔው የምንከፍለው አይተርፍም ብላለች፣ ስለዚህ ብትለምንሽም አትውረጂ። «ሌባ» ስላለችው ነገር አንቺ አታንሺው። ራሷ ካነሳችው «ተሳስተን ነው እህቴ» ብለሽ እለፊው።

ረቡዕ በመኪና አራት ጋቢ ይመጣልሻል። ለየብቻ አንሺያቸው፣ ጥለቱ በደንብ ይታይ።

አባትሽ
ከባሕር ዳር