ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ሞተሩ ይታጠብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኪና ስትጽፉ ብዙ ጊዜ ስለ ዋጋ ነው፣ እሱም ያስፈልጋል፣ ግን ስለ ሞተር ዘይት መፍሰስም አንድ ቀን ቦታ ስጡን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ያለችንን አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ አስታመን ነው የምንነዳው፣ አሮጌ መኪና ደግሞ ያንጠባጥባል።

የኔዋ ቪትዝ ናት። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለት ጠብታ ነበር፣ ቆይቶ ዘይቱ መለኪያው ላይ ታችኛው ምልክት ጋ ወረደ። ጋራዥ ስወስዳት ልጁ ከስር ገብቶ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ጋ በዘይት የራሰ ጣቱን አሳየኝና "የኋላው ፓራኦሊዮ ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት" አለኝ (ፓራኦሊዮ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው)፣ የጠራው ብር የሁለት ወር ደሞዜን የሚበላ ነው። በቃ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሰፈራችን ያሉ አንድ የቆዩ መካኒክ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ምንም ሳይነኩ "ሂድ ላቫጆ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አሳጥባት፣ ዲናሞውን በፌስታል ይሸፍኑልህ" አሉኝ። ታጥባ ስትደርቅ የህፃን ፓውደር ሞተሩ ላይ ነሰነሱበትና ሃያ ደቂቃ ነድቼ እንድመለስ ነገሩኝ። ስመለስ ነጩ ፓውደር ላይ ቡናማ መስመር ተሰምሯል፣ ከላይ ከቫልቭ ከቨሩ፣ ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ጥግ ተነስቶ በቴስታታው፣ ከክዳኑ ስር ባለው የሞተሩ ራስ ጎን ወርዶ ልክ ያ ልጅ ጣቱን ያስገባበት ቦታ ይደርሳል! ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ስንነዳ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ስለዚህ የሚፈለገው የሚንጠባጠብበት ሳይሆን እርጥቡ የሚጀምርበት ከፍተኛው ቦታ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይት እንዳይወጣ ከክዳኑ ስር የሚገባው ማሸጊያ ጎማ፣ ከሙቀት ብዛት እንደ ደረቅ ፕላስቲክ ሆኖ እጃቸው ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በላዩ ደግሞ ድሮ የሆነ ሰው የለቀለቀው ሲሊኮን አለ፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርጦ ከወደቀ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይዘጋል፣ ዘይት ያጣ ሞተር ደግሞ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። መተንፈሻውንም፣ ፒሲቪ ቫልቭ የሚሉትን፣ ነቅለው ሲያንቀጠቅጡት ድምፅ የለውም፣ ተደፍኗል። እሱ ሲደፈን የውስጡ ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በደከመው ጓርኒሲዮን በኩል ይገፋዋል፣ እሱን ሳይቀይሩ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ ቢገጥሙ ኖሮ እንደገና ማፍሰሱ አይቀርም ነበር። ቡሎኖቹንም ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር እያፈራረቁ በቀስታ ነው ያጠበቁት፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጓርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ይወጣል አሉኝ። የከፈልኩት የመጀመሪያው ጋራዥ ከጠራው አንድ አስረኛውን አይሞላም።

ያ ልጅ ሊሰርቀኝ አስቦ ነው አልልም፣ እርጥብ ያየበትን ነው የነገረኝ። ግን ካምቢዮው ወርዶ፣ ፓራኦሊዮው ተቀይሮ፣ በሳምንቱ ያው ዘይት ይፈስ ነበር። እባካችሁ ጋራዦችን ጠይቁልን፣ ሳይታጠብና ለባለቤቱ የሚፈስበት ቦታ በዓይኑ ሳይታይ ለምን ይፈታል? አንባቢዎችም ማታ ከመኪናችሁ ስር ካርቶን አንጥፉ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው፣ ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ ደግሞ አትቆዩ፣ የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ እየተንጠባጠበ ከሆነ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

አክባሪያችሁ፣ ከገርጂ