የሮማውያን ዕውቀት «ጠፋ» ሲባል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም ስለ ሮማውያን ምህንድስና የወጣው ጽሑፍ፣ ዕውቀቱ ከመንግሥቱ ውድቀት ጋር ባንድ ጀምበር እንደጠፋ አድርጎ ማቅረቡ እውነቱን ያጠበበው መሰለኝ። የሮማዊው የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ የቪትሩቪየስ ድርሳን፣ ለባሕር ውስጥ ግንባታ አንድ እጅ ኖራ ከሁለት እጅ የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር እንዲደባለቅ የሚያዘውን ክፍል ጨምሮ፣ በገዳማት እየተገለበጠ ቆይቷል። የተቋረጠው የእጅ ሙያው ነው። በሮም ከተማ ያለውን የጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ የፓንቴዎንን፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው ጉልላት ያለ ብረት ያቆሙት ግንበኞች፣ ከታች ከባዱን ድንጋይ፣ ወደ አናቱ ሲጠጉ ደግሞ ቀዳዳ የበዛበትን ቀላል ድንጋይ ከአርማታው ጋር የሚያዋህዱበትን ብልኃት የተማሩት ከመጽሐፍ ይልቅ ከአለቆቻቸው ሥር ሆነው ይመስለኛል። ከፋይ ግምጃ ቤት፣ አመዱን ከኔፕልስ አቅራቢያ የሚያመላልስ መርከብና ተተኪ ተለማማጅ ሲጓደሉ ጽሑፉ ብቻውን ምን ይሠራል?

ደግሞም ጥፋቱ በሁሉም ስፍራ እኩል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ537 ጎቶች የተባሉት የጀርመን ነገዶች ሮምን ከበው የውሃ መተላለፊያዎቿን ሲቆርጡ፣ በዚያው ዓመት በምሥራቁ የሮም መንግሥት መዲና በቁስጥንጥንያ የሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ተመርቋል፤ ጸሐፊው ይህን አለማንሣታቸው አስገርሞኛል። ጉልላቱ በ558 ቢደረመስም፣ ከፍ ተደርጎ እንደገና ለመሥራት የሚችሉ ባለሙያዎች እዚያው ነበሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ