ፊልሙን ብቻሽን አትዪው

ይድረስ ለልጄ፣

እንኳን ለ24ኛ ዓመት ልደትሽ አደረሰሽ። ደብዳቤው ከቀኑ ቀድሞ እንዲደርስሽ ነበር ሐሳቤ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ይህን አራተኛውን እንደምንም እጨርሰዋለሁ።

አክስትሽን እንዳትቆጫት። ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። መጋረጃውን ዘግተሽ «የክረምት ብርሃን» የሚሉትን የስዊድን ፊልም በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እንዳየሽው፣ ስትደውልልሽ «ነገ እደውላለሁ» ብለሽ እንደምትቀሪ፣ ጓደኞችሽ ስለ ፊልሙ ሲከራከሩ «እናንተ ምንም አይገባችሁም» ብለሽ በሩን ጠርቅመሽ እንደወጣሽ ነገረችኝ። በዚህ አልደነገጥኩም። አንድ ነገር ከያዝሽ እንደማትለቂ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ አውቃለሁ፤ በር መጠርቀሙንም ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። ያስደነገጠኝ በመጨረሻ የነገረችኝ ነው። «ሁሉም ስለ ቄሱ ያወራል፤ እኔን የገባኝ ግን ዓሣ አጥማጁ ነው» ብለሻታል።

ስለዚህ ተቀምጬ አየሁት። ፊልሙን ብቻሽን አትዪው። ይህን አሁኑኑ ልበል፤ ወሬ እየወሰደኝ እንዳልረሳው።

ለእኔ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ከእናትሽ ጋር ሳንጋባ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሲሆን፣ 81 ደቂቃ ብቻ የሆነውን ፊልም እኩሌታውን እንቅልፍ ወስዶኝ አሳለፍኩት። እናትሽ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እኔም ርእሱን «የክረምት ብርሃን» ብለው ስለተረጎሙት ዝናብ ስጠብቅ ነው የተኛሁት ብዬ አመካኛለሁ። በስዊድንኛ «ቁርባን ተቀባዮች» ነው የሚባለው፤ እሱ ይሻል ነበር።

ያን ቀን ከኋላችን የተቀመጡ ወጣቶች ቄሱ ባሳለ ቁጥር ይስቁ ነበር። አንዲት አዛውንት ደግሞ መብራቱ ከበራ በኋላም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ አልተነሡም። በሩ ላይ ስንደርስ ክርክሩ ጦፎ ነበር። አንዱ «ሰውዬው እምነቱ ሞቷል፤ የሚያገለግለው ልብሱ ነው» አለ። ሌላው «እምነት የሌለው ሰው ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ አይልም» ብሎ መለሰለት። ግማሹ ገንዘቡ እንደተበላ ሰው ተኮሳትሮ ወጣ። የአዘጋጁ የኢንግማር በርግማን ባለቤት እንኳን ፊልሙን ካየች በኋላ «ድንቅ ሥራ ነው፤ ግን ድብርት የሚያመጣ ድንቅ ሥራ ነው» አለችው ይባላል። ከጓደኞችሽ መካከል ተሰላችቶ ስልኩን የነካካው ልጅ እንግዲህ ብቻውን አይደለም። ይቅርታ ጠይቂው።

እንደ አባትነቴ ደስ ያለኝን ልንገርሽ። የበርግማን አባት የሉተራን ቄስ ነበሩ። ልጁ ለዚህ ፊልም ሲዘጋጅ አብረው እየዞሩ ቤተ ክርስቲያኖችን ያዩ ነበር። አንድ እሑድ የደብሩ ቄስ አሞኛል ብሎ አገልግሎቱን ያለ ቁርባን ሊያሳጥረው ሲል፣ ሽማግሌው ተናደው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ወደ ውስጥ ገብተው ለብሰው ወጡና ራሳቸው አገለገሉ። በርግማን የፊልሙን ፍጻሜ ያገኘው ከዚህ እንደሆነ ጽፏል። የሆነው ቢሆን አገልግሎትህን አድርስ ማለት ነው። ይህን ሳነብ አያትሽ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም ትኩሳት ይዟቸው ሥራ የሚገቡ ሰው ነበሩ።

ነገር ግን ልጄ፣ ያን ጊዜ በሩ ላይ የተከራከሩት ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የቄሱን እምነት ስንመዝን ዓሣ አጥማጁን ዮናስን ያነሣ አልነበረም። አንድም ሰው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጆች አሉት። ቻይና የአቶም ቦምብ ልትሠራ ነው የሚል ዜና ጋዜጣ ላይ አንብቦ ሕይወት ጨልሞበታል። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ቻይና የመጀመሪያ ቦምቧን የሞከረችው በጥቅምት 1964። ስለዚህ የፈራው ነገር ቅዠት አልነበረም። አንቺም የምትፈሪው ነገር ቅዠት ነው አልልሽም። ዮናስ ግን ወደ ቄሱ የመጣው ስለ ቻይና ሊጠይቅ አይመስለኝም። ቄሱ ምን አደረገ? ስለ ራሱ አወራለት። ስለ ወጣትነቱ፣ ስለ ዝምተኛው አምላኩ፣ ስለ ሞተችው ሚስቱ። ዮናስን የሚጫወተው ማክስ ፎን ሲዶቭ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ማለት ይቻላል፣ ዓይኑን ወደ መሬት ተክሎ ያዳምጣል።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምኩት። ወጥ ቤት ሄጄ ውኃ ጠጣሁ። እናትሽ «ምን ሆንክ?» አለችኝ፤ «ምንም» አልኳት።

ሳሎን ያለው ፎቶግራፍ ላይ ከእኔ በስተግራ የቆመውን ሰው ታስታውሺዋለሽ። የሰባት ዓመት ልጅ እያለሽ «የት ሄደ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ «ታሞ ሞተ» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። አያትሽ በሞቱ በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጣ። የካፖርቱን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏቸው ነበር፤ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ሌላው ወደ ታች ወርዶ። አለባበሱን የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። አየሁት፤ ዝም አልኩ። «ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም፤ ሁሉ ነገር ከንቱ ሆኖብኛል» አለኝ። እኔም «ይህን ለእኔ ነው የምትነግረኝ? የባሰው እኔ ላይ አለ» ብዬ ጀመርኩ። ስለ አባቴ፣ ስለ መሥሪያ ቤቴ ጠብ፣ መጸለይ ስለ ማቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁ። እሱ አጽናናኝ። ሲነሣ ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ» አለኝ። በማግሥቱ ማታ ስልክ ተደወለ። በገዛ እጁ ነበር።

ፊልሙ ላይ ዮናስ ከወጣ በኋላ ቄሱ «አሁን ነፃ ነኝ» ይላል። ያን ቀን በሩን ከዘጋሁ በኋላ እኔም ቅልል ብሎኝ ነበር። የልቤን ተንፍሼ፣ ረክቼ እራቴን በላሁ። ይህን ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። ቄሱን «ግብዝ» ያሉትን ወጣቶች ስሰማ ፊቴ የሚቀላው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ዮናስ ራሱን የገደለበት ወንዝ ዳር ያለውን ትዕይንት ደግሞ አንቺ ሦስት ጊዜ አይተሽዋል፤ ካሜራው ከሩቅ ቆሟል፤ የውኃው ድምፅ የሰዎቹን ንግግር ይውጠዋል። ሌሎቹ ተመልካቾች እዚያ ላይ ስለ ሲኒማ ጥበብ ይናገራሉ። እኔ የሚሰማኝ የስልኩ ጥሪ ነው።

ምክር ልጽፍልሽ ተቀምጬ ይኸው የራሴን ኃጢአት ጻፍኩልሽ። ዛሬም ስለ ራሴ ማውራት አልተውኩም ማለት ነው።

እንግዲህ ያኔ ያልጠየቅኩትን አንቺን በግልጽ እጠይቅሻለሁ። ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ስጽፈው እጄ ተንቀጥቅጧል። ድሮ «አትጠይቅ፤ መጠየቅ ሐሳቡን ይዘራል» ይሉን ነበር፤ ሐኪሞች እንደዚያ አይደለም ይላሉ። መልስሽ «አዎ» ከሆነ አልቆጣም፤ አላለቅስምም፤ ብትሰሚኝም አልሰብክሽም። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለአክስትሽ ደውዪና በሩን ክፈቺላት፤ ሐኪም ጋ አብራሽ ትሄዳለች። መልስሽ «አይ፣ ፊልሙ ብቻ ነው» ከሆነም እሱኑ በአፍሽ ንገሪኝ። በጽሑፍ መልእክት አይደለም። ድምፅሽን መስማት እፈልጋለሁ።

እስከዚያው መጋረጃውን ክፈቺ። የብረት ኪኒንሽን እየወሰድሽ ነው? ባለፈውም አቋርጠሽ ነበር። ስልክሽን ማታ ማታ ቻርጅ አድርጊ። ሥራ እንዳትቀሪ፤ ሐዘንሽን ሰበብ አድርገሽ ሰው እንድትሰድቢም አልፈቅድልሽም። ፊልሙንም ብቻሽን አትዪው፤ በሌሊት ደግሞ ጭራሽ።

ፊልሙን ጥዪው እያልኩሽ አይደለም። አንቺ ካመጣሽው ጀምሮ ስለ ብርሃኑ ሳስብ ነው የከረምኩት። በርግማንና የካሜራ ባለሙያው ስቬን ኒክቪስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠው የበረዶው ወራት ብርሃን ከሰዓት ሰዓት እንዴት እንደሚለዋወጥ ሲያጠኑ ውለዋል፤ ለዚህ ነው ጥላ የማይታይበት። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ የክርስቶስ ሥቃይ ከሚስማሩ ይልቅ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» ያለበት ሰዓት አይበልጥምን ብሎ ሲጠይቅ፣ ሠላሳ ዓመት ስብከት ስሰማ ያላሰብኩት ነገር ነበር። በመጨረሻ ደወሉ ሲደወል ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ የማታምነው መምህርት ሜርታ ግን ተቀምጣለች። ከኦርጋን ተጫዋቹና ከአገልጋዩ በቀር ሌላ ሰው የለም። ቄሱ ይጀምራል። ስለ ቄሱ መከራከሩን ትቼ በዚህኛው ዙር እሷን ስመለከት ቆየሁ። በእጆቿ ላይ ስለወጣው ቁስል፣ እሱም ሊጸልይላት ስላለመቻሉ የጻፈችለትን ደብዳቤ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ለደቂቃዎች የምታነበው እሷ ናት። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ የተቁነጠነጠው እዚያ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ የተኛሁት እዚያ ላይ ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። አትከልክዪኝ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። እናትሽ ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ልካልሻለች፤ አሮጌውን አጥበሽ ለእኔ መኝታ አዘጋጂ። ከአራት ሰዓት በፊት አልደርስም፤ ስለዚህ ቁርስ አትጠብቂኝ። ማታ ፊልሙን አብረን እናየዋለን፤ እስከዚያ ግን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልናገር፣ ብቻሽን አትዪው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ይችላል፤ ሜርታ ደብዳቤውን ማንበብ ስትጀምር ቀስቅሺኝ።

አባትሽ